ባንድካምፕ፦ በሰው ጆሮ እየተመሩ ሙዚቃ መፈለግ

አዲስ ሙዚቃ ፍለጋ ስነሣ ከሌሎች የሙዚቃ አገልግሎቶች ሁሉ ባንድካምፕን፣ ማለትም ሙዚቀኞችና አሳታሚዎች ሥራዎቻቸውን ለአድማጭ የሚሸጡበትን ድረ ገጽ የማስቀድመው፣ ከእያንዳንዱ አልበም ጋር ተደርድረው በሚታዩት ትንንሽ ምስሎች ምክንያት ነው። እያንዳንዱ ምስል ለዚያ አልበም ገንዘቡን የከፈለ አንድ ሰው ነው። ምስሉን ሲጫኑት ሰውየው የገዛቸው አልበሞች ይዘረዘራሉ፤ አንዳንዱም የትኛውን ዜማ አብልጦ እንደወደደና ለምን እንደወደደው በአንድ ሁለት መስመር ጽፎ ያኖራል። ሌሎቹ አገልግሎቶች አዳማጩ ትናንት የሰማውን አይተው ያንኑ የሚመስል ነገር ያቀርቡለታል፤ እዚህ ግን የሚመራው የሌላ ሰው ጆሮ ነው፣ የሰው ጆሮ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ አይወድም።

አንድ ምሽት የሄድሁበትን መንገድ ላሳይ። መነሻዬ ሲንጌሊ ነበር። ሲንጌሊ ከዳሬሰላም ሠፈሮች የወጣ፣ በደቂቃ ከ200 ምት በላይ የሚሮጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰማው ሰው ካሴቱ ያለ ልክ የፈጠነበት የሚመስለው ሙዚቃ ነው። የካምፓላው አሳታሚ ንዬጌ ንዬጌ ቴፕስ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣውን የሲንጌሊ ስብስብ ሁለት ጊዜ ካዳመጥሁ በኋላ ከገዢዎቹ የአንዱን ዝርዝር ከፈትሁ። የጠበቅሁት ሌላ ፈጣን የጭፈራ ሙዚቃ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ከኢንዶኔዢያዋ ዮግያካርታ የሆኑትን ሴንያዋን ነው። ሴንያዋ ሁለት ሰዎች ናቸው። ውኪር ሱርያዲ ራሱ ከቀርከሃ የሠራውን ባለ ክር መሣሪያ ከድምፅ ማጉያ ጋር አያይዞ ይመታዋል፣ ይገዘግዘዋል፤ ሩሊ ሻባራ ደግሞ ከሹክሹክታ እስከ ጩኸት ድረስ በጉሮሮው ብቻ ይመልስለታል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አልኪሳህ የተባለው አልበማቸው በአንድ ኩባንያ አልታተመም፤ በተለያዩ አገሮች የሚገኙ 44 ትንንሽ አሳታሚዎች ተካፍለው አወጡት እንጂ። ስለዚህ አንድ አልበም ወድዶ አሳታሚዎቹን መከተል የጀመረ ሰው፣ ከዚያ በፊት ስማቸውን ሰምቶ ወደማያውቃቸው በርካታ አሳታሚዎች ዘንድ ይደርሳል። በዚያ ምሽት ከንጋቱ በፊት አልተኛሁም።

ሁለተኛው መፈለጊያ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው በሥራዎቻቸው ላይ የሚለጥፏቸው መለያ ቃላት ናቸው። በእነዚህ ላይ ብዙ እምነት የለኝም። «የሙከራ ሙዚቃ» የሚለው መለያ ያልተለጠፈበት ነገር ስለሌለ፣ በዚያ ቃል ብቻ የሚፈልግ ሰው ቶሎ ይሰለቻል። የከተማ ስም ግን በጣም ይረዳል፤ ደርባን ወይም ሊዝበን ብሎ የጀመረ ሰው፣ አንድ ሠፈር ውስጥ የሚተዋወቁ ሙዚቀኞች እርስ በርስ እንዴት እንደሚቀባበሉ ያያል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሚወጣው ባንድካምፕ ዴይሊ የተሰኘው የአገልግሎቱ መጽሔትም አንድን ከተማ ወይም አንድን የሙዚቃ ስልት ይዞ በሚገባ ያስረዳል፤ ከየጽሑፉ ጋር ሙዚቃው ስለሚቀርብ እያነበቡ ማዳመጥ ይቻላል።

ስለ ገንዘቡ። አገልግሎቱ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ፣ ከሸክላና ከካሴት ደግሞ 10 በመቶ ይወስዳል፤ የክፍያ ማስተላለፊያ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ቀሪው የሙዚቀኛው ወይም የአሳታሚው ነው። ብዙ ሙዚቀኞች ገዢው ከተተመነው ዋጋ በላይ እንዲከፍል ይፈቅዳሉ፣ በዚህ የሚጠቀም አድማጭም ጥቂት አይደለም። ወረርሽኙ ኮንሰርቶችን በዘጋበት ጊዜ፣ መጋቢት 20 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ድርሻውን ለአንድ ቀን በተወ ጊዜ፣ ሰዎች በዚያች አንድ ዓርብ 4.3 ሚሊዮን ዶላር ከፍለዋል። አዳማጭ ገንዘቡ የት እንደሚገባ በግልጽ ሲያውቅ እጁን እንደማይሰስት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላየሁም።

ቅሬታዬን ግን አልሸሽግም። የሽያጩ ገንዘብ ለሙዚቀኞች ሲደርስ የኖረው ፔይፓል በተባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ማስተላለፊያ በኩል ነው፤ በፔይፓል ገንዘብ መቀበል በማይቻልባቸው አገሮች የሚኖር ሙዚቀኛ ሥራውን ለመሸጥ የውጭ አሳታሚ ወይም ሌላ አገር የሚኖር ወዳጅ ይሻል። ከዓለም ዙሪያ ሙዚቃ ለሚፈለግበት አገልግሎት ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። የሸክላ መላኪያ ዋጋም አንዳንዴ ከሸክላው ዋጋ ይበልጣል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በነፃነት ሥራ የጀመረው አገልግሎት በ2022 ለቪዲዮ ጌም ኩባንያው ኤፒክ ጌምስ፣ በ2023 ደግሞ ለሙዚቃ ፈቃድ ሻጩ ሶንግትሬደር ተሸጠ፤ በሁለተኛው ሽያጭ ወቅት ከሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉ ሥራቸውን አጡ። እስካሁን የአልበሞቹ ገጾችም፣ የገዢዎቹ ምስሎችም እንዳሉ ናቸው፤ እኔም አገልግሎቱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ነገር ግን የገዛሁትን አልበም ሁሉ በዚያው ቀን ጥራቱ በማይቀንሰው በፍላክ ፎርማት አውርጄ፣ በሁለት ሃርድ ዲስኮች ላይ አስቀምጣለሁ።