ምርጥ ምድጃ በሱሉልታ ማድ ቤት፦ እንጀራው ሳይለወጥ ማገዶው ሲቀንስ

ከእንጦጦ ጀርባ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ፣ አካባቢን የማይጎዳ ኑሮ የሚባለው ነገር ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈተነው በእንጀራ ምጣድ ሥር ነው። በአገራችን ቤተሰብ ከሚጠቀምበት ኃይል እጅግ የሚበዛው ለምግብ ማብሰያ የሚውል ሲሆን፣ ከዚህም ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። ፌስታል መቀነስም ሆነ አምፖል መለወጥ መልካም ነው፤ ነገር ግን ማገዶን ያልነካ ለውጥ በዚህ አካባቢ ዳር ዳሩን ከመዞር አያልፍም። ስለዚህ የምገመግመው ሦስቱን ጉልቻ ተክቶ በማድ ቤታችን የቆየውን፣ «ምርጥ» የሚል ስም ያለውን የእንጀራ ምድጃ ነው፤ አብረውት የመጡ ጥቃቅን ለውጦችንም በየቦታቸው አነሳለሁ።

ምድጃው አዲስ ፈጠራ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገር ውስጥ የኢነርጂ ባለሙያዎች የተነደፈ ሲሆን፣ ኋላም በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ በየክልሉ ያሉ አነስተኛ አምራቾች እንዲሠሩት ተደርጓል። የሚሠራው ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባለው የተፈጨ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። አራት ክፍሎች ተገጣጥመው ስድሳ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን የሸክላ ምጣድ የሚሸከም ክብ ይሠራሉ፤ ሁለት ተጨማሪ ክፍሎች ደግሞ ከኋላ ተቀምጠው፣ እሳቱ በሚወጣበት በኩል ድስት የሚጣድበት መቀመጫ ይሆናሉ። ጋቢ የሚያሞቀው በድርና በማጉ መካከል በያዘው አየር እንደሆነ ሁሉ፣ ፑሚስም በውስጡ ያሉት ቀዳዳዎች አየር ስለሚይዙ ሙቀቱ በግድግዳው በኩል ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል። በጉልቻ ሲጋገር ወደ ጎንና ወደ ላይ ተበትኖ የሚቀረው ሙቀት እዚህ ታፍኖ ምጣዱን እንዲመታ ይገደዳል።

ለዚህ ምድጃ ዋጋ የሚሰጠው ግን ከሙቀቱ ይልቅ እንጀራው ነው። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም የሚባለውን ምሳሌ ለራሱ ጉዳይ እንተወውና፣ እንጀራን በተመለከተ ጉልቻ መቀየሩ ልዩነት አለው፤ እንጀራውን የሚያበላሽ ምድጃ ደግሞ የቱንም ያህል ማገዶ ቢቆጥብ ከሳምንት በላይ በቤት ውስጥ አይሰነብትም። ምርጥ ምድጃ እዚህ ላይ ብልህነት አለው፤ ጋጋሪዋን አዲስ ነገር እንድትማር አያስገድዳትም። ምጣዱ ያው የለመደችው የሸክላ ምጣድ ነው፤ በጎመን ዘር የሚሟሸውም፣ በማሰሻ የሚጠረገውም፣ በአክንባሎ የሚከደነውም እንደ ቀድሞው ነው። ሊጡን ማቅጠን ወይም ማወፈር፣ አብሲቱን መለወጥ አያስፈልግም። የሚለወጠው የእሳቱ አደራረስ ነው፤ በጉልቻ ላይ ንፋሱ ነበልባሉን ወደ አንድ ወገን እየገፋው ግማሹ ምጣድ ሲያር ግማሹ ጥሬ ይቀር የነበረው ቀርቶ፣ ሙቀቱ እስከ ጠርዙ ድረስ ተስተካክሎ ይደርሳል። በእንጀራ ጉዳይ በቀላሉ የማያመሰግኑ አንዲት እናት ከጎረቤት መጥተው የእንጀራውን ጠርዝ አንሥተው ካዩ በኋላ፣ «ዓይኑ እኩል ወጥቷል፤ ዳሩም አልደረቀም» ብለው መሶቡን ከደኑት። ከእርሳቸው አፍ ይህ ብዙ ነው።

ይሁን እንጂ መጀመሪያ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። የሲሚንቶው አካል ራሱ ሙቀት እስኪጠጣ ድረስ ምጣዱ ከጉልቻ በዘገየ ሁኔታ ይግላል፤ ቸኩለው ያሰጡት የመጀመሪያ ሊጥም ይያዛል። ከጋለ በኋላ ደግሞ ጉዳዩ ይገለበጣል፤ ሙቀቱን ስለሚይዝ በእያንዳንዱ እንጀራ መካከል ፍልጥ መጨመር የለመደ እጅ ካልተገታ ታቹ ማረር ይጀምራል። ማገዶ የሚቆጠበው እዚህ ላይ ነው፤ ምድጃው ብቻውን ሳይሆን ምድጃውና የጋጋሪዋ እጅ ሲግባቡ።

በሙከራ ቦታ ሲለካ ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ማገዶ እንደሚቆጥብ ተመዝግቧል። በቤት ውስጥ ይህ ቁጥር እንደ እንጨቱ ድርቀትና እንደ አፈላለጡ ከፍ ዝቅ ይላል። የማገዶ ማስገቢያው አፍ ጠባብ በመሆኑ ግንድ የሚያክል እንጨት አይቀበልም፤ ይህ ለአንዳንዶች ጉድለት ቢመስልም፣ ለእኔ ግን እንጨቱ በጥሩ ሁኔታ እንዲፈለጥና እንዲደርቅ የሚያስገድድ በጎ ባሕርይ ነው። ከዚህም በላይ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል በክፍት እሳት ላይ ነድደው በአንድ አፍታ ሲጠፉ፣ በዚህ ምድጃ ውስጥ ግን ጥቂት እንጀራ ያስወጣሉ። አዲስ አበባ ማገዶ ባለቀባት ጊዜ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ዛሬም የከተማይቱን ዙሪያ ከብቦ ይገኛል፤ ከእንጦጦ ጫካ ጎብጠው የሚወርዱት ሴቶች የሚሸከሙትም ቅጠሉንና ጭራሮውን ነው። ግማሽ ሸክም ለአንድ ጋገራ በቂ መሆኑ በማገዶ ገዢው ኪስ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም።

ትልቁ ቁጠባ የመጣው ግን ምድጃውን ከገዛን በኋላ በተለወጠ ልማድ ነው። ብዙው ማገዶ የሚነድደው ምጣዱን ለማጋል በመሆኑ፣ ጥቂት እንጀራ ለመጋገር ብሎ እሳት ማንደድ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር በአንድ እሳት ተራ በተራ መጋገር ጀመርን፤ እነርሱ ጨርሰው ሲነሡ ምጣዱ እንደጋለ እኛ እንቀጥላለን፣ በሌላ ጊዜም ተራው ይገለበጣል። ከኋላ ባለው የድስት መቀመጫ ላይ ደግሞ በውሃ የተነከረ ሽምብራ ወይም ባቄላ ይጣዳል። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ስለሚል ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ጥራጥሬ እዚህ ከቆላ ይልቅ ዘግይቶ የሚበስለውም በዚህ ምክንያት ነው። ማታ ነክሮ ማሳደርና ድስቱን መክደን ምንም ወጪ የሌላቸው ለውጦች ሲሆኑ፣ በሚወጣው እሳት ላይ ሲጣዱ ደግሞ ለብቻው ይነድድ የነበረውን ከሰል ያስቀራሉ።

ምድጃው የማይመሰገንበት ነገር ጪሱ ነው። እኛ የገዛነው ዓይነት ጪስ ማውጫ የለውም፤ ማገዶው ስለሚቀንስ ጪሱም ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ እርጥብ እንጨት ከገባበት እንዲያውም ከኋላው በኩል ተከማችቶ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው እንደሞቱ ይገምታል፤ በእንዲህ ያለው ጪስ ውስጥ ረጅም ሰዓት የሚቆዩትም እናቶችና በጀርባ የታዘሉ ሕፃናት ናቸው። መስኮት ወይም ከጣሪያ ሥር ክፍተት በሌለው ማድ ቤት ውስጥ ይህን ምድጃ መትከል አልመክርም። ክብደቱም ሌላ ጣጣ ነው፤ አንዴ ከተተከለና መጋጠሚያው በጭቃ ከተመረገ በኋላ ማንቀሳቀስ አይቻልም፤ ለተከራይ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለ ይህ ሁሉ ለምን የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ ከዘጠና በመቶ በላይ ከውሃ ኃይል የሚገኝ በመሆኑ በኤሌክትሪክ የተጋገረ እንጀራ ጪስም የተቆረጠ ዛፍም የለበትም። ነገር ግን ምጣዱ ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ዋት ይስባል፤ በከተማው ዳርቻ ባሉ መንደሮች በበዓል ዋዜማ ሁሉም ሲሰካ ኃይሉ ወርዶ ሊጡ ምጣዱ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ አልያም መብራቱ ጨርሶ ይጠፋል። ሊጥ ደግሞ አንዴ ከቦካ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም። ስለዚህ በቤታችን ምርጥ ምድጃ የኤሌክትሪክ ምጣድ ምትክ ሳይሆን ተጠባባቂ ነው፤ የተካው ጉልቻን ብቻ ነው፣ ለዚህም ሙሉ በሙሉ በቅቷል።

አብረን ስለገዛነው፣ «ላቀች» ስለተባለው የከሰል ምድጃ ጥቂት ልበል። ከውጭ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ሸክላ የሆነው ይህ ምድጃ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል ይባላል፤ ሦስተኛው ቡና እስኪቀዳ ድረስ ፍሙ ሳይጨመርበት መቆየቱን በበኩሌ አይቻለሁ። ሸክላው በጋለበት ውሃ ሲነካው ስለሚሰነጠቅ እሳቱን በውሃ ማጥፋት አይገባም። ከሰል መቆጠቡ ግን መርዙን አያስቀርም፤ በሱሉልታ ብርድ ፍም ይዞ ወደ መኝታ ቤት መግባት በየትኛውም ምድጃ ቢሆን ያው ገዳይ ነው።

ዋጋውን በብር አልጠቅስም፤ ሲሚንቶ በተወደደ ቁጥር ይለወጣልና። ከኤሌክትሪክ ምጣድ በእጅጉ እንደሚያንስ ግን መናገር ይቻላል። ገዢ ከመክፈሉ በፊት የቤቱን ምጣድ ስፋት ለክቶ ይሂድ፤ ክፍሎቹን አገጣጥሞም መጋጠሚያው አለመላቀቁን ይይ። አምራቹ ከቅርጽ ማውጫው ካወጣው በኋላ ለስንት ቀን ውሃ እንዳጠጣው መጠየቅም ተገቢ ነው፤ ቢያንስ ሳምንት ያህል ውሃ ያልጠጣ የሲሚንቶ ሥራ በእሳት ፊት አይጸናም፣ በጣት ሲፈተግም ዱቄት ይወጣዋል። በጋሪ ሲጫን ከሥር ገለባ ቢደረግ ጠርዙ አይሸረፍም። በክረምት የተሠራው በደንብ ስለማይደርቅ ግዢውን እስከ ጥቅምት ማቆየት ይሻላል፤ ከተተከለ በኋላም የመጀመሪያዎቹ እሳቶች በጭራሮ ብቻ፣ በዝግታ ይነደዱ።