መዥገር የሚገድል ሱሪና ካልሲ፦ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ለብሼው

«ቁም ሳጥኑ ሙሉ ሱሪ አይደለም እንዴ? ደግሞ 80 ዶላር?» አለችኝ ባለቤቴ። ልክ ነበረች። እኔ ግን ያየሁትን አይቻለሁ።

ሜይ ላይ ከሸናንዶዋ፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ካለው የተራራ ፓርክ፣ ተመልሼ ሻወር ልገባ ስል ከጉልበቴ ኋላ አንዲት ጥቁር ነጥብ አየሁ። የጤፍ ፍሬ ነው የምታክለው። ቆሻሻ መስሎኝ በጥፍሬ ብጭራት አልነቃነቅ አለች። በስልኬ መብራት ጠጋ ብዬ ሳያት እግር አላት! «እንደ መዥገር ተጣበቀ» እያልን ያደግን ሰዎች የምናውቀው ላም ጡት ሥር እንደ ባቄላ አብጦ የሚንጠለጠለውን ነው። ይቺን ማን ያያታል?

ያን ቀን «በተፈጥሮ ዘይት መዥገር ያባርራል» ተብሎ ኦንላይን የገዛሁትን የእጅ ማሰሪያ አድርጌ ነበር። ሽታው አይከፋም። ችግሩ እሱ እጄ ላይ፣ መዥገሯ እግሬ ላይ መሆናቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ከፋብሪካው ፐርሜትሪን በሚባል ተባይ ገዳይ መድኃኒት ተነክሮ የሚወጣ ሱሪና ረጅም ካልሲ የገዛሁት። ሽታ የለውም፣ እስከ 70 እጥበት ይቆያል ይላል። ሳላይ አላምንም ብዬ ከውሻችን ላይ ያነሳኋትን መዥገር ነጭ ሳህን ላይ የዘረጋሁት ካልሲ ላይ ለቀቅኳት። መጀመሪያ ፈጠን ፈጠን አለች፣ ከዚያ እግሮቿ ተወላገዱ፣ ትንሽ ቆይታ ሳህኑ ላይ በጀርባዋ ወደቀች። ሱሪው ላይም ሌላ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ብቻ ጁላይ ላይ ይሞቃል፣ ወገቡ ጠባብ ነው፣ ከቀበቶ በላይ ደግሞ ምንም አይጠቅማችሁም። ጫማዬን በ0.5 ፐርሰንቱ የፐርሜትሪን ስፕሬይ ራሴ ነፋሁት፤ ድመት ካላችሁ እስኪደርቅ አታስጠጓት፣ እርጥቡ ለድመት መርዝ ነው።

አሁን ማን ይግዛው? ይሄ የምትኖሩበት ቦታ ጉዳይ ነው። «ላይም» የሚባለውን የባክቴሪያ በሽታ የምታስተላልፈው ባለ ጥቁር እግሯ መዥገር ስሟ አንድ ይሁን እንጂ ዘሯ አንድ ወጥ አይደለም። እዚህ አሜሪካ የሰሜኗና የደቡቧ ከመለያየታቸው የተነሳ ከ1979 እስከ 1993 ድረስ ሁለት ዝርያ ተብለው ነበር። የደቡቧ ገና ሳትጎለምስ ከረገፈ ቅጠል ሥር ተደብቃ እንሽላሊት ትጠብቃለች፣ እንሽላሊት ደግሞ ለላይም ባክቴሪያ አይመችም። የሰሜኗ ቅጠሉ ላይ ወጥታ አይጥም ይሁን የናንተን እግር ያገኘችውን ትይዛለች። ተመራማሪዎች ከሁለቱም አካባቢ አምጥተው አንድ ቦታ ቢያኖሯቸው እንኳ የሰሜኖቹ ወደ ላይ ወጡ፣ የደቡቦቹ እዚያው ታች ቀሩ። ጠባዩ ከዘር ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው ደቡብ ወርዶ አትላንታ ያለው ወንድሜ መዥገር ሞልቶት ስለ ላይም ብዙም የማይሰማው። እኛ ቨርጂኒያ መሃል ላይ ነን፣ የሰሜኗ ደግሞ በተራራው በኩል ወደ ደቡብ እየወረደች ነው።

ግን አትላንታም ያለ ሰው ደስ አይበለው። ሎን ስታር የምትባለው ሌላዋ መዥገር፣ ሴቷ ጀርባዋ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት፣ እዚያም እዚህም አለች። እሷ ከነከሰች አልፋ-ጋል የሚባል የቀይ ሥጋ አለርጂ ሊመጣ ይችላል። ክትፎውን በልታችሁ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ፣ እንቅልፍ ላይ እያላችሁ፣ ገላችሁ ይንደበደባል፣ አንዳንዱም ትንፋሽ ያጥረዋል። ነገሩን ከመዥገር ጋር ያገናኙት እዚሁ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ናቸው። ከበሬና ከበግ ተፋትቶ በዶሮ ብቻ መኖርን አስቡት! ለኔ 80 ዶላሩን ያስከፈለኝ ላይም ሳይሆን ይሄ ነው።

አንድ ቅር የሚለኝ ነገር፣ ፍሎሪዳና ቴክሳስ ውስጥ ቡናማዋ የውሻ መዥገር ፐርሜትሪንን ተላምዳዋለች። መድኃኒቱ የነርቯን በር ነው የሚይዘው፣ በሩን የሚቀይር ዘር ያላቸው ተርፈው ይራባሉ። የኛዎቹ ላይ እስካሁን ይሠራል፣ ሳህኔ ምስክር ነው።

ስለዚህ ሱሪ የተነከረ ብሎ ማንም አይኩራራ፤ ቤት ስትገቡ ከጉልበት ኋላ፣ ብብት፣ ጆሮ ሥር ዳብሱ። ላይም ለመተላለፍ ብዙ ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቃ መቆየት አለባት። ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ ያዙ፣ ከቆዳችሁ ጋር አስጠግታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ቅቤ መቀባት፣ በክብሪት ማቃጠል የሚባለውን ተዉት።

ለካልሲው ከ5 አምስት፣ ለሱሪው ሦስት። ካልሲውን እንኳ መልሼ አላገኘሁትም፤ ባለቤቴ ጓሮ ጎመን ልትቀጥፍ ስትወጣ አድርጋው እንደወጣች ቀረ።