ልጄን ጓንት ለከለከሉልኝ አሰልጣኝ

ሰላም የማርቆስ ሰዎች። መጻፍ አይሆንልኝም፤ ዝም ማለት ግን ከበደኝ። ልጃችሁ ቦክስ ካልሠራሁ ብሎ ያስቸገራችሁ እናቶች በተለይ ይህን አንብቡልኝ።

ልጄ 17 ዓመቱ ነው። አባቱ ካረፈ ወዲህ ነው ቦክስ ቦክስ ማለት የጀመረው። መጀመሪያ የላክሁት ሌላ ቦታ ነበር፤ ስሙ ይቅር። በየወሩ ብሬን ይቆጥራሉ፣ ልጄን በኪሎ ከሚበልጠው ጎረምሳ ጋር ያጋጥሙታል። አንድ ቀን ተመትቶ ወደቀ። በማግስቱ «ራሴን ያመኛል» ቢላቸው «የእናትህን ቀሚስ ልበስ» አሉት። የእኔን ቀሚስ! ለሁለት ልጆች አባትም እናትም የሆንሁበትን ቀሚስ! እንዳይመለስ ከለከልሁት፣ እሱም አኮረፈኝ።

ጎረቤቴ ናት «ጋሼን አናግሪያቸው» ያለችኝ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ ሰፈሩ ያውቃቸዋል። በደርግ ጊዜ ቦክሰኛ ነበሩ። ግቢያቸው ስንገባ ሳጋቱራ የተሞላ ጆንያ ባሕር ዛፍ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ልጆች በዚያ ብርድ ገመድ ይዘላሉ። ጓንት ያጠልቁለታል ስል በርጩማ ላይ አስቀምጠው ይጠይቁት ጀመር። ስትወድቅ ትዝ ይልሃል? ብርሃን ያስቸግርሃል? እንቅልፍስ? የቀደሙት አንዷንም አልጠየቁትም!

«ሐኪም ይየው። ለ30 ቀን ደግሞ ጓንት አይነካም» አሉ። ራሱን ተመትቶ የወደቀ ቢያንስ ይህን ያህል ማረፍ አለበት፣ የቦክስ ሕግ ነው አሉኝ። የልጄ ፊት ሲጠቁር አይተው የእጅ ሰዓታቸውን ፈቱለት። «አንተ ሰዓት ያዥ ነህ። 3 ደቂቃ ሲሞላ ጩህ፣ 1 ደቂቃ አሳርፋቸው፣ እንደገና ጩህ።» ወሩን ሙሉ ሲጮህ ከረመ። ማታ ድምፁ ተዘግቶ ይገባል፤ በተዘጋ ድምፁ ግን ያወራኛል።

እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል? አሁንም ጓንት ከመልበሱ በፊት የእያንዳንዱን ልጅ እጅ ራሳቸው ነው በፋሻ የሚጠቀልሉት፣ በጣቶቹ መሃል እያሳለፉ፣ «ጠበቀህ?» እያሉ። እሳቸው ጎረምሳ ሳሉ አገራችን በ1976 ወደ ሎስ አንጀለስ፣ በ1981 ወደ ሴኡል ኦሎምፒክ ሳትሄድ ቀረች። ይቆጭዎታል ወይ ብላቸው «ያንን ፋሻ አቀብይኝ» አሉኝ።

ልጄ ባለፈው የመጀመሪያ ግጥሚያውን በነጥብ ተሸነፈ። እየሳቀ ነው የገባው፣ ምኑ እንደሚያስቅ አላውቅም።

ጋሼ፣ እግዜር ዕድሜ ይስጥልኝ! እናንተም ልጆቻችሁን እዚያ ውሰዱ፣ ደግሜ እላለሁ ውሰዱ። ብር አይቀበሉም። «ሳሙና አምጪ፣ ፋሻ ይታጠብበታል» ነው ያሉኝ። ፋሻ ለመግዛት ያሰባችሁ ደግሞ ልጆቹን ጠይቃችሁ ግዙ፤ እኔ ከመድኃኒት ቤት የቁስል ፋሻ ገዝቼ ሄጄ ግቢው በሳቅ ፈርሷል።