ኖይዝ ካንስሌሽኑ የማይጠፋ ሄድሴት፦ ጤነኛውን ድምፅ በሽተኛ ያስመሰለብኝ

ለዙም ለስብሰባ ምናምን ከሆነ ችግር የለውም፣ ግዙት። እኔ ግን ይሄን ኖይዝ ካንስሌሽን (የአካባቢ ጫጫታ መቀነሻ) ያለው የዩኤስቢ ሄድሴት የገዛሁት የጤነኛ ሰዎችን ድምፅ ቀድቼ በፕራት ለመለካት ነው፣ ከመንፈቅ በላይ ሰርቼበት አሁን የምለው ለዚህ ስራ ጭራሽ አይሆንም ነው።

ለማታውቁት፣ ፕራት አምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እነ ፖል ቡርስማ የሰሩት በነፃ የሚወርድ ሶፍትዌር ነው። ሰውዬው በሚመቸው ድምፅ «አአአ» ብሎ ጥቂት ሰከንድ ይይዛል፣ መሀሉን ቆርጣችሁ ትለካላችሁ። ጂተር የድምፅ አውታሩ አንዱ ንዝረት ከሚቀጥለው በጊዜ ስንት እንደሚለያይ ነው፣ ሺመር ደሞ በጉልበት። ብዙ ጊዜ የጤነኛ ድምፅ የላይኛው ድንበር ተብለው የሚጠቀሱት ጂተር 1.04 ፐርሰንት፣ ሺመር 3.81 ፐርሰንት ናቸው።

በዚህ ሄድሴት ስቀዳ ምንም የድምፅ ችግር የሌላቸው መምህራን ሺመራቸው ከድንበሩ እጥፍ እየሆነ ይመጣል! አንዷ ቁጥሩን አይታ «ጉሮሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው?» ብላ ደነገጠች። በድምፁ እንጀራ ለሚበላ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥፋቱ ውስጡ ያለው ኖይዝ ካንስሌሽን ነው። እሱ ንግግር የሚለው ከፍ ዝቅ የሚለውን ድምፅ ነው፣ ሳይለዋወጥ የሚቆየውን እንደ ጀነሬተር ጩኸት ቆጥሮ ይቀንሰዋል፣ «አአአ» ደሞ ዋናው ነገሩ ሳይለዋወጥ መቆየቱ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ እንደቆየ መሸራረፍ ይጀምራል። ለማረጋገጥ ፕራት ላይ 200 ኸርዝ ንፁህ ቶን (ከፍ ዝቅ የማይል አንድ ወጥ ድምፅ) ፈጥሬ በስፒከር አጫውቼ ቀዳሁት፣ ቀጥ ማለት የነበረበት የድምፁ ጉልበት መስመር ቁልቁል ሄደ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ማስተካከያ ሁሉ አጥፍቼዋለሁ፣ ለውጥ የለም፣ ስራው የሚሰራው ሄድሴቱ ውስጥ ነው። እነዛኑ ሰዎች በተራ ሪከርደር ስቀዳቸው ሺመራቸው ከድንበሩ በታች ሆኖ ቁጭ አለ። የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ብቻ በሁለቱም እኩል ነው የሚመጣው፣ ይሄን አልክድም።

ሻጩ «ፕሮፌሽናል ነው» ብሎኝ ነበር። ለማን ነው ፕሮፌሽናል? «ካልፈለግሽው አጥፊው» ካልከኝ ማጥፊያውን አሳየኛ! «ጮክ ብለው ይበሉት» ካልክ ደሞ፣ ጤነኛ ሰው ራሱ ጮክ ሲል ጂተሩም ሺመሩም ይቀንሳል፣ የምለካውን ነገር ራሱን ቀየርክብኝ ማለት ነው። አልመልስም ብሎኛል፣ በጣም ነው የተናደድኩት፣ ብሩ ሳይሆን በሱ የቀዳሁት ሁሉ እንደገና መቀዳቱ ነው የሚያንገበግበኝ፣ መምህራኑን ከክፍል አስወጥቶ ማስቀመጥ ስንት ልመና አለው።

ለልኬት የምትገዙ ካላችሁ፣ ድምፁን ምንም የማይነካ ተራ ባለሽቦ ማይክ ይሻላል፣ ፋይሉ ዋቭ ይሁን፣ 44.1 ኪሎኸርዝ፣ ኤምፒስሪ እንዳይሆን። ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱና ብር ሳትከፍሉ እዛው ሱቁ ውስጥ ቶኑን አጫውታችሁ ቅዱ፣ መስመሩ ከወረደ አትግዙ።