ሊባኖስ ዘመድ ላላችሁ፦ እህቴን የታደጉልኝን ሴቶች ልጠቁማችሁ

ሰሞኑን አንዲት የሰፈራችን ልጅ «ቤሩት ያለችው የአክስቴ ልጅ ከማዳም ቤት ወጥታለች፣ ማንን ላናግር?» ብላ ጻፈችልኝ። ለእሷ ብቻ ከምመልስ ሁላችሁም እንድታዩት እዚህ ልጻፈው። መልሴ አጭር ነው፤ «እኛ ለእኛ በስደት»ን አናግሩ። እግዜር ይስጣቸው፣ እህቴ ዛሬ ኮምቦልቻ እናቷ ቤት ያለችው በእነሱ ነው።

ለማታውቋቸው፣ እዚያው ሊባኖስ በቤት ሠራተኝነት የኖሩ የአገራችን ሴቶች በፈረንጆቹ 2017 ያቋቋሙት ማኅበር ነው። መሥራቿ ባንቺ ይመር ራሷ ማዳም ቤት ሠርታለች። ይሄ ምን እንደሚጠቅም እመጣበታለሁ።

በእኛ አቆጣጠር 2012 እዚያ ምን ይመስል እንደነበር የረሳችሁ ካላችሁ ላስታውሳችሁ። ኮሮና ሲገባ የሊባኖስ ባንኮች ቀድሞውኑ ዶላር እንደ ልብ መስጠት አቁመው ነበር። በመንግሥት ዋጋ 1500 ሊራ የሚባለው ዶላር ክረምቱ ላይ በጥቁር ገበያ ከ8000 አለፈ። ለእህቴ በወር 150 ዶላር ሊከፍል የተዋዋለው ቤተሰብ በቃ መክፈል አቆመ። እንዳትመለስ መጋቢት ላይ አየር ማረፊያው ተዘጋ፣ ፓስፖርቷም ማዳም እጅ ነው። ጥላ እንዳትወጣ ደግሞ ከፋላ የሚሉት አሠራር አለ፤ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ የወጣች ልጅ የመኖሪያ ፈቃዷን ታጣለች፣ ከተያዘችም ትታሰራለች። ከቤት አትውጡ ሲባል ባልየውም ልጆቹም ቀኑን ሙሉ ቤት ዋሉ፣ ማብሰሉ ጨመረ፣ እጥበቱ ጨመረ፣ የእሁድ እረፍቷ ቀረ፣ በረኪናው እጇን ላጠው፣ መጨረሻ ላይ ስልኳንም ቀሟት። በሕጋዊ ቪዛ፣ በኤጀንሲ፣ በቦሌ በኩል ነው የሄደችው እኮ! በጀልባና በበረሃ የሄዱት ብቻ ናቸው የሚሸጡት ያለው ማነው?

ከዚያ አንድ ቀን መኪና ውስጥ አስገብተው ቤሩት አጠገብ ሃዝሚዬ የሚባል ሰፈር ያለው ቆንስላችን ደጃፍ አራገፏት። ያኔ ብዙዎች እንዲህ ተጥለዋል። ሻንጣቸውን ተደግፈው አስፋልት ላይ የተኙ ልጆች ፎቶ ዓለምን ዞሯል፣ አይታችሁታል። እኔ እዚህ ሆኜ የላካትን ኤጀንሲ (ስሙን ልተወው) ብደውል ብደውል የሚያነሳ የለም። መጠለያ አለን የሚሉትም አዲስ ሰው አንቀበልም፣ መጀመሪያ ትመርመር ይላሉ። የት ሄዳ? በምን ገንዘብ?

የእኛ ለእኛ ልጆች ናቸው የደረሱላት። ምግብ፣ ማስክ፣ ሞዴስ ይዘው መጡ፣ ከሌሎች ልጆች ጋር የኪራይ ቤት አስገቧት። ገንዘቡን በየአገሩ ካለ ሰው እየለመኑ ነው የሚያሰባስቡት። እህቴ እስከ ዛሬ የምታነሳው ግን ምግቡን አይደለም። «ለምን ጠፋሽ?» ብሎ የጠየቃት አልነበረም። እኛ ዘመዶቿ እንኳ መጀመሪያ የጠየቅናት እሱን ነው። እነሱ ማዳም ቤትን ስለሚያውቁት ማስረዳት አላስፈለጋትም። ፓስፖርት ለሌላት ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፈንታ አገር ቤት የሚያስገባ ወረቀት) እንዴት እንደሚወጣ፣ የመውጫ ፈቃድ የት እንደሚጠየቅ፣ የትኛው ወረቀት ላይ መፈረም እንደሌለባት ያውቃሉ። ደሞዜን ተቀብያለሁ የሚል ወረቀት ፈርሚ የምትባል ልጅ ብዙ ናት፣ ልብ በሉ።

ሐምሌ 28 የቤሩት ወደብ ሲፈነዳ ገና አልወጣችም ነበር። ከተማው ሁሉ መስታወት በመስታወት ሆኖ እንኳ ምግብ ማዞራቸውን አልተዉም። ቲኬቷንም እነሱ ናቸው የቆረጡላት።

ቅር ያለኝ ነገር ካለ፣ መልስ ይዘገያል። ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ በበጎ ፈቃድ ነው የሚሠሩት፣ ጠያቂው ደግሞ መአት ነው። አንዴ ጽፋችሁ ዝም ካሏችሁ ደግማችሁ ጻፉ።

አዲስ አበባ ኳራንቲን ጨርሳ ቤት ስትገባ ጎረቤት የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ ኮሮና ይዛ መጣች ወይ፣ ብር ይዛ መጣች ወይ። ሁለቱንም አልያዘችም። ለመሄጃ የተበደርነው ግን እንዳለ ቁጭ ብሏል። ሌሊት አትተኛም፣ ሰው ስታይ ትደበቃለች፣ ስልክ ሲጮህ ትደነግጣለች። ደላላው ደግሞ በረራ ሲከፈት ዱባይ ልላክሽ እያለ መመላለስ ጀመረ። የሰው ንግድን የሚቀጣው አዋጅ 1178 የወጣው በዚያው ዓመት መሆኑን የነገረው ያለም አይመስልም!

ሁለተኛው ምስጋናዬ እዚህ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ላለው አጋር ኢትዮጵያ ለሚባል ድርጅት። ከአረብ አገር ተጎድተው የተመለሱ ሴቶችን መጠለያ ይሰጣል፣ ያሳክማል፣ ሙያ ያስተምራል፣ ከቤተሰብ ያገናኛል። የአእምሮ ሕመም ያለባቸውንም ይቀበላል፣ ይሄን ደፍሮ የሚሠራ ብዙ የለም። የእህቴ የምክር ባለሙያ ስሜን አትጻፍ ብላኛለች፣ እሺ አልኳት። ታሪክሽን ንገሪኝ ብላ አላስጨነቀቻትም። መጀመሪያ ስለ እንቅልፏና ስለ ምግቧ ብቻ ነበር የምታወራት። ለእናቴ ራሷ ደውላ «እማማ፣ ስለ ብድሩ ለጊዜው አያንሱባት» አለቻት። እናቴም እሺ አለች፣ ይሄን እኔ ስላት ሰምታኝ አታውቅም።

እና ሊባኖስ ሰው ያላችሁ፣ እኛ ለእኛን ስታናግሩ እነዚህን ያዙ፦ በፓስፖርቷ ላይ ያለውን ሙሉ ስም፣ የፓስፖርቱ ኮፒ ካለ ፎቶውን፣ የማዳምን ስልክና ሰፈር፣ የላካትን ኤጀንሲ ስምና ኮንትራቱን፣ ደሞዝ ያልተከፈላትን ወራት። ልጅቷ ስልክ ካላት ሎኬሽን በዋትስአፕ ትላክ፣ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ግን ታማክራቸው። ፊቷን ቲክቶክ ላይ አትልቀቁት፣ ማዳም ካየችው ስልኩንም ትቀማታለች፣ በሩንም ትቆልፍባታለች። እዚህ ኮሜንት ላይም ስሟንና ስልኳን እንዳትጽፉ፣ በውስጥ ላኩልኝና እነሱን የምታገኙበትን እልክላችኋለሁ።