ለባለ ሦስት ሞተር ሞዴል ጀልባ የሚሆን ትራንስሚተር፦ ሬዲዮማስተር ቦክሰርን ስሞክረው

የሞዴል ጀልባ ትራንስሚተር (ጀልባውን ከዳር ሆኖ በሬዲዮ የሚነዱበት መቆጣጠሪያ) የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ቻናል፣ ማለትም ስንት የተለያየ ትእዛዝ መላኪያ መንገድ፣ እንዳለው ነው፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ጀልባው አንድ ሞተር ብቻ ካለው ለመሪው አንድ፣ ለሞተሩ አንድ፣ በድምሩ ሁለት ቻናል ይበቃል። ሞተሩ ሁለትና ሦስት ሲሆን ግን ዋናው ጉዳይ የቻናሉ ብዛት መሆኑ ይቀርና፣ ትራንስሚተሩ የመሪውን ትእዛዝ በስሮትሉ (በሞተሩ ፍጥነት ትእዛዝ) ላይ እየደመረና እየቀነሰ ለየሞተሩ ለማድረስ ስንት መስመር ይፈቅዳል የሚለው ይሆናል። ይህ ሥራ ሚክስ ይባላል፤ ገንዘብ የሚወጣውም ለእርሱ ነው።

የእኔ ጀልባ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ባሕር ኃይል ይጠቀምባት የነበረችው የኤስ-100 ፈጣን የቶርፒዶ ጀልባ ሞዴል ስትሆን፣ የተሠራችውም በ1 ለ35 ልኬት ነው። እውነተኛዋ ወደ 35 ሜትር የምትረዝምና በሦስት የዳይምለር ቤንዝ የናፍጣ ሞተሮች የምትነዳ ነበረች፤ ሞዴሏም አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ኖሯት ሦስት ሞተር፣ ሦስት ፕሮፔለርና ሦስት የፍጥነት መቆጣጠሪያ ይዛለች።

መጀመሪያ የነዳኋት ፍላይስካይ ኤፍኤስ-አይ6ኤክስ በተባለ ትራንስሚተር ነው። ለዋጋው ጥሩ ዕቃ መሆኑን አልክድም። ጀልባው ሁለት ሞተር ብቻ ካለው፣ ኤሌቮን የተባለው ለአውሮፕላን የታሰበ ምርጫ የቀኙን ስቲክ (በጣት የሚገፋውን ዘንግ) ሁለት እንቅስቃሴዎች ቀላቅሎ በቻናል 1 እና 2 ስለሚያወጣቸው፣ ሁለቱን የፍጥነት መቆጣጠሪያዎች እዚያ ሰክቶ ውኃ ላይ መውጣት ይቻላል። በሦስት ሞተር ላይ ግን ሒሳቡ አልሞላ አለኝ። ነጻ ሚክሶቹ ሦስት ብቻ ናቸው። የግራውን ሞተር በስሮትልነት በመረጥኩት በቻናል 2 ላይ ሰክቼ መሪውን በአንድ ሚክስ ጨመርኩለት፤ የቀኙን በቻናል 5 ላይ ሰክቼ ስሮትሉንም መሪውንም በሁለት ሚክስ አመጣሁለት፤ ሦስቱም እዚሁ አለቁ። የመሐሉ ሞተር ያለ ሚክስ ስለቀረ በግራው ስቲክ ለብቻው መነዳት ነበረበት። ያ ስቲክ ደግሞ ሲለቁት ወደ መሐል የሚመልሰው ስፕሪንግ የለውም፤ ስለዚህ ዓይኔን ከጀልባዋ ሳልነቅል የሞተሩን መቆሚያ ነጥብ በዳበሳ መፈለግ ሥራዬ ሆነ።

ሬዲዮማስተር የተባለው ኩባንያ የሚሠራውን ቦክሰር የተባለ ትራንስሚተር የገዛሁት በዚህ ምክንያት ነው። ፎር-ኢን-ዋን የሚባለውን፣ የበርካታ ኩባንያዎችን የሬዲዮ ቋንቋ የሚያውቀውን ዓይነት መምረጤ ጠቅሞኛል፤ ይህኛው የፍላይስካይን ቋንቋ ስለሚናገር ጀልባዋ ውስጥ የነበረውን ሪሲቨር (ምልክት ተቀባይ) መቀየር አላስፈለገኝም። የሚሠራበት ሶፍትዌር ኤጅቲኤክስ የተባለው፣ ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነው ሲሆን፣ 64 የሚክስ መስመር ይፈቅዳል። እኔ የተጠቀምኩት ስምንቱን ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቀኙን ስቲክ ላይና ታች ለስሮትል፣ ግራና ቀኝ ለመሪ አደረግሁት፤ በሁለቱም አቅጣጫ በስፕሪንግ ወደ መሐል ስለሚመለስ ለጀልባ የተመቸ ነው። ቻናል 1 መሪውን ብቻ ይወስዳል። ቻናል 2፣ ማለትም የግራው ሞተር፣ ስሮትሉን በመቶ ከመቶ ከወሰደ በኋላ መሪው ይደመርለታል፤ ቻናል 3 የቀኙ ሞተር ሲሆን መሪው ይቀነስበታል፤ ቻናል 4 የመሐሉ ነው፤ እርሱ ስሮትሉን ብቻ ይሰማል። እያንዳንዱ መስመር የሚሠራበትን ስዊች ለይቶ መስጠት ስለሚቻል ሁሉንም በአንድ ባለ ሦስት ደረጃ ስዊች አሰርኳቸው። በመጀመሪያው ደረጃ የመሐሉ ሞተር ይቆምና የጎኖቹ በ40 ከመቶ የመሪ ሚክስ ይሠራሉ፤ ይህ ዳር ለመያዝ ነው። በሁለተኛው ሦስቱም ይሠራሉ፣ ሚክሱ ወደ 20 ይወርዳል። በሦስተኛው ሚክሱ ጨርሶ ይጠፋል፤ ጀልባዋ በፍጥነት ስትሄድ መሪው ብቻውን ይበቃታልና።

እዚህ ላይ ደስ ያለኝን አንድ ነገር ልናገር። በኤጅቲኤክስ የሚሠራ መስመር የሌለው ቻናል የሚያወጣው ዜሮ ነው፤ ዜሮ ማለት ደግሞ የ1500 ማይክሮሰከንድ ምልክት፣ ማለትም የስቲኩ መሐል ነው። ለአውሮፕላን ይህ ግማሽ ስሮትል ስለሆነ አደጋ ነው፤ ወደፊትም ወደኋላም ለሚሄድ የጀልባ ሞተር ግን መቆም ማለት ነው። ስለዚህ የመሐሉን ሞተር ለማቆም የተለየ ዘዴ አላስፈለገኝም፤ መስመሩን በስዊች ማጥፋቱ በቂ ነበር።

የቁጥሮቹን ጠባይ ማወቅም ያስፈልጋል። በ40 ከመቶ ሚክስ፣ ስሮትሉ ዜሮ ሆኖ መሪው ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ ሲገፋ የግራው ሞተር 40 ወደፊት፣ የቀኙ 40 ወደኋላ ይሆንና ጀልባዋ እንደ ታንክ ባለችበት ትዞራለች። በግማሽ ስሮትል 90 እና 10 ይሆናሉ። በሙሉ ስሮትል ግን የግራው 140 መሆን ሲገባው ቻናሉ 100 ላይ ስለሚገታው ትርፉ ይጣላል፤ የሚለወጠው ወደ 60 የሚወርደው የቀኙ ብቻ ነው። ጀልባው ሲታጠፍ ፍጥነት ይቀንስብኛል ብሎ ትራንስሚተሩን የሚወቅስ ሰው ብዙ ጊዜ ያጋጠመው ይኸው ነው፤ መፍትሔውም የስሮትሉን ድርሻ ወደ 60 አውርዶ ለመሪው ቦታ መተው ነው። እኔ አላደረግሁትም፤ የቶርፒዶ ጀልባ 40 ከመቶ ስሮትሏን ብታጣ ምን ትመስላለች?

ከትራንስሚተሩ ውጭ ያለው ሥራ ካልተስተካከለ ግን የትኛውም ሚክስ አያድንም። የጎን ፕሮፔለሮቹ ተቃራኒ እንዲዞሩ ሲፈለግ አንዱን ቻናል በትራንስሚተሩ መገልበጥ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የፍጥነት መቆጣጠሪያዎች በኋላ ማርሽ የሚሰጡት ኃይል ያነሰ ስለሆነ አንዱ ጎን ሁልጊዜ ይደክማል። የሞተሩን ሁለት ሽቦዎች ማቀያየር ነው ትክክሉ። ሦስቱም የፍጥነት መቆጣጠሪያዎች ለሪሲቨሩ 5 ቮልት የሚልኩ ከሆነ ደግሞ የሁለቱን ቀይ ሽቦ ከሶኬቱ ነቅሎ በናስትሮ መጠቅለልና አንዱን ብቻ መተው ያስፈልጋል። ከዚያ ጀልባዋን ባኞ ውስጥ አስገብቼ ስቲኩን በቀስታ ስገፋ የግራው ሞተር በ6 ከመቶ፣ የቀኙ በ9 ከመቶ መዞር እንደሚጀምር አየሁ፤ የኤጅቲኤክስ የአውትፑት ገጽ ይህን በሰብትሪም (የቻናሉን መሐል በጥቂቱ በሚያዛውር ቁጥር) ለማስተካከል ምቹ ነው። የስሮትሉን ትሪም (ከስቲኩ አጠገብ ያለውን የመሐል ማስተካከያ ቁልፍ) ግን ከነአካቴው ዘጋሁት፤ በስሕተት የተነካ ትሪም የፍጥነት መቆጣጠሪያው መሐሉን እንዳያገኝና እንዳይነሣ ያደርጋል።

በጣም የተማርኩት ፌይልሴፍ (የትራንስሚተሩ ምልክት ሲቋረጥ ለሞተሮቹ የሚሰጥ ትእዛዝ) ላይ ነው። ምሥራቅ ለንደን ቪክቶሪያ ፓርክ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1904 የተመሠረተ የእንፋሎት ጀልባ ክበብ ባለበት የሞዴል ጀልባ ኩሬ፣ አንድ ቀን ከጀልባዋ በፊት ትራንስሚተሩን አጠፋሁት። ከአውሮፕላን ልማድ ገልብጬ ፌይልሴፉን በ−100 ሞልቼው ኖሯል፤ ለአውሮፕላን ሞተር ማጥፋት ማለት ነው፣ ለእኔ ጀልባ ግን ሙሉ የኋላ ማርሽ። ከዳር ተነሥታ በጠፍጣፋ ጀርባዋ ውኃ እየዛቀች ወደ ኩሬው መሐል ሄደች፤ መልሼ እስካበራው ድረስ የኋለኛው ክፍሏ ግማሹ ሰምጦ ነበር። ጥፋቱ የእኔው ነው። አሁን የሦስቱም ሞተሮች ፌይልሴፍ ዜሮ ነው፤ የሪሲቨሩንም አንቴና፣ የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ውኃን ስለማያልፍ፣ ከውኃው መስመር በላይ ወደ መርከበኞቹ ክፍል ጣሪያ አውጥቼዋለሁ።

የማልወድለትም አለ። ሁሉም ነገር በአውሮፕላን ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ ጀማሪ ሰው ኤለቬተር (የአውሮፕላን አፍንጫ ማንሻና ማውረጃ) የሚለውን ቃል ስሮትል ብሎ ለማንበብ ጊዜ ይወስድበታል። ገና ሲበራ የግራው ስቲክ ታች ካልሆነ እየጮኸ ያስጠነቅቃል፤ ያንን ስቲክ ለማይጠቀም ሰው ትርጉም የለውም፣ በሞዴሉ ማስተካከያ ውስጥ ግን ይጠፋል። ስክሪኑ ትንሽና ባለ አንድ ቀለም ነው፤ ባትሪው ለብቻው ይገዛል፤ እኔ የከፈልኩትም ለፍላይስካዩ ከከፈልኩት ከእጥፍ በላይ ነበር። ባለ ሁለት ሞተር ጀልባ ላለው ሰው ይህን ወጪ አልመክርም።

የጀልባዋ ማስተካከያ በሙሉ በሚሞሪ ካርዱ ላይ በአንድ ፋይል ይቀመጣል። ባለ ሁለት ሞተር ጎታች ጀልባ ያለው ጓደኛዬ ፋይሌን ወደ እርሱ ቦክሰር ገልብጦ፣ የመሐሉን ሞተር መስመር ሰርዞ፣ የመሪውን ሚክስ ወደ 70 ከፍ አድርጎ እዚያው ኩሬው ዳር ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰ።