ቸኮሌት ለመሥራት የድንጋይ ወፍጮ ይሻላል ወይስ ባለኳስ?

ከካካዎ ፍሬ ተነስቶ ቸኮሌት መሥራት የሚያምረው ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞልኝ ይመጣል። «የድንጋዩን ልግዛ ወይስ ባለኳሱን?» የድንጋዩ ወፍጮ የድንጋይ ጎማዎች ከታች ባለ ድንጋይ ላይ እየዞሩ የሚፈጩበት ነው፤ ባለኳሱ ደግሞ ዝግ ጋን ውስጥ የብረት ኳሶች እየተጋጩ የሚያልሙበት። እኔም አንድ መልስ ነው ያለኝ፤ የድንጋዩን ግዙ። ምክንያቱን ግን ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት አንብቡት። የድንጋዩም ቢሆን ኮፒው ከተሸጠላችሁ ያው ከስራችኋል።

መቁያውንና ቅርፊት መለያውን ዛሬ አልነካም። ለጀማሪ ፍሬውን በተራ ምድጃ መቁላት ይቻላል። ቅርፊቱንም በፀጉር ማድረቂያ እየነፉ ማስወገድ ይቻላል። ወፍጮውን ግን የሚተካው ነገር የለም።

ወፍጮው ሁለት ሥራ አለበት። የመጀመሪያው ማላም ነው። የካካዎ ፍሬ ግማሹ ገደማ ቅባት ነው። ሲፈጭ ይሞቃል፣ ቅባቱም 34 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ስለዚህ ዱቄት ሳይሆን ወፍራም ፈሳሽ ነው የሚወጣው። ከዚያ ስኳሩ ይጨመርና ቅንጣቱ ወደ 20 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) እስኪወርድ ይፈጫል። ከ30 በላይ ከሆነ ምላስ ላይ ይሻክራል። ሁለተኛው ሥራ ኮምጣጣነቱን ማውጣት ነው። ካካዎ ሲብላላ አሴቲክ አሲድ ይፈጠራል፣ ማለትም የኮምጣጤው አሲድ። ቁላቱ የተወሰነውን ያወጣዋል። የቀረው በሙቀት፣ በመታሸትና በአየር እየተነነ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋጋ። የባለኳሱ ሻጭ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ሰዓቱን ነው። «የድንጋዩ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይፈጃል፣ የእኛ በጥቂት ሰዓት ይጨርሳል» ይላችኋል። እውነቱን ነው። የመብራቱን ሒሳብም አብረን እንሥራው። 200 ዋት የሚስብ የጠረጴዛ ላይ የድንጋይ ወፍጮ በ24 ሰዓት 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ያ ለ3 ወይም ለ4 ኪሎ ቸኮሌት ነው። 1.5 ኪሎዋት የሚስብ ባለኳስ 4 ሰዓት ቢሠራ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። አንዴ 20 ኪሎ የሚይዝ ከሆነ በኪሎ ሲሰላ ባለኳሱ በሰፊው ያሸንፋል።

ችግሩ መብራቱ ትንሿ ወጪ መሆኗ ነው። ትልልቆቹን ሻጩ አይነግራችሁም።

አንደኛ፣ ትንንሾቹ ባለኳሶች በአብዛኛው የተቆላውን ፍሬ እንዳለ አይቀበሉም። አስቀድሞ ተፈጭቶ ፈሳሽ የሆነ ነገር ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሌላ መፍጫ ትገዛላችሁ። ሁለተኛ፣ ኳሶቹ ሲጋጩ ኃይለኛ ሙቀት ይፈጠራል። ጋኑ ዙሪያውን ውሃ ይዞርበታል፣ ውሃውን ደግሞ የሚያቀዘቅዝ ነገር ያስፈልጋል። የውሃው መዝጊያ አርጅቶ ውሃ ወደ ቸኮሌቱ ከገባ ይተሳሰርና እንደ ጭቃ ይሆናል፣ ሙሉ ጋኑ ሄደ ማለት ነው። ሦስተኛው ኪስ የሚያደማው ነው። ቸኮሌቱ ወጣ ስትሉ የተወሰነው ኳሶቹ መሃል ተጣብቆ ይቀራል። አንድ ዓይነት ቸኮሌት ብቻ ለሚሠራ ችግር የለውም። ጥቁሩን ጨርሶ ባለወተቱን የሚጀምር ሰው ግን በየቅያሪው የካካዎ ቅቤ እያስገባ ማጠብ አለበት። የካካዎ ቅቤ ደግሞ ርካሽ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ጋኑ ዝግ ነው። አሲዱና እርጥበቱ መውጫ የላቸውም። አየር የሚነፋበት ካልተገጠመለት ወይም ኮንች የሚባለው ማሻ ካልተጨመረ ቸኮሌቱ ይልማል፣ ግን ይኮመጥጣል። ይኸው ሦስተኛ ማሽን መጣ። ስዊዘርላንዳዊው ሮዶልፍ ሊንት እ.ኤ.አ. በ1879 ኮንችን ሲያወጣ መፍትሔው ለረጅም ሰዓት ማሸት ነበር። የጠረጴዛ ላይ የድንጋይ ወፍጮም ክዳኑ ከፈት ተደርጎ ሲዞር ማላሙንና ማሸቱን በአንድ ገንዘብ ይሠራል። ሰዓቱ የረዘመው ለዚህም ነው። ሻጩ እንደ ጉድለት የሚቆጥርባችሁ ሰዓት ጣዕሙ የሚስተካከልበት ሰዓት ነው።

የኳሶቹ ጥራትም አለ። ኳስ ያልቃል። ያለቀው ብረት የት ይሄዳል? ቸኮሌቱ ውስጥ። ደህና አምራች ጠንካራ ኳስ ይሰጣል፣ መውጫው ላይም ማግኔት ይገጥማል። ርካሹ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ኳስ ይሞላላችኋል። ከመግዛታችሁ በፊት ጥቂት ኳሶች በማሰሮ ውስጥ ከለብ ያለ ዘይት ጋር ደህና አድርጋችሁ ናጡ። ዘይቱን ነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሱት። ከጠቆረ ተዉት። አንዳንድ ዓይነት ስቴንለስ ማግኔት እንደማይዘውም አትርሱ። ኳሱ ከዚያ የተሠራ ከሆነ መውጫው ላይ ያለው ማግኔት ለጌጥ ነው።

የድንጋዩም ጣጣ አለው። እነዚህ ትንንሽ ወፍጮዎች መነሻቸው በደቡብ ሕንድ ለተነከረ ሩዝና ጥራጥሬ የሚያገለግለው የወጥ ቤት መፍጫ ነው። ኮይምባቶር የምትባለው ከተማ በዚህ ሥራ የታወቀች ናት። የወጥ ቤቱ መፍጫ የተሠራው ውሃ ላለው ሊጥ፣ ለአጭር ሰዓት ነው። ቸኮሌት ወፍራም ነው፣ ሙቅ ነው፣ ቀንና ሌሊት ይዞራል። ለቸኮሌት የተሠራው የሞተሩ ማቀዝቀዣና ቦኮላው (ጎማዎቹ ዘንጉ ላይ የሚዞሩበት ቀለበት) የተለየ ነው። ድንጋዩን ወደ ታች የሚጫን ማጥበቂያ ብሎንም አለው። ቀማኞቹ ሻጮች የወጥ ቤቱን ወስደው «የቸኮሌት ማሽን» የሚል ጽሑፍ ይለጥፉበታል። ዋጋው ግማሽ ይሆንና ዓይን ያስገባል።

አንድ ጓደኛዬ በዚህ ተበልቷል። ማሽኑን ስንፈታው የድንጋዩ ጎማዎች የሚዞሩበት የፕላስቲክ ቦኮላ በሙቀት ለስልሶ ተበልቷል። ዘንጉ ዙሪያ ጥቁር ሊጥ የመሰለ ነገር ተጋግሯል። ጎማው በወልጋዳ ስለሚዞር ከታች ያለውን ድንጋይ በአንድ ጎን ብቻ ፍቆታል። የሠራው ቸኮሌት በሙሉ ተጣለ። ሻጩ ጋ ሲደወል መለዋወጫ የሚባል ነገር የለም። ርካሹ ማሽን ከኦሪጅናሉ በላይ አስወጣው።

ስለዚህ ስትገዙ ድንጋዩን በጥፍራችሁ ፋቁት። ደህና ግራናይት ነው ወይስ ተፈጭቶ የተለጠፈ? ዱቄት ከለቀቀ ዞር በሉ። የታችኛው ድንጋይ ከሳህኑ ጋር የተጣበቀበትን ማጣበቂያ እዩ። ለምግብ የሚሆን መሆኑን በጽሑፍ ጠይቁ። ሞተሩ ያለማቋረጥ ስንት ሰዓት እንዲሠራ ዋስትና እንዳለውም ጠይቁ። «ብዙ ይሠራል» መልስ አይደለም።

አዲሱን ማሽን በቀጥታ ካካዎ አታስገቡበት። መጀመሪያ ዘይትና ስኳር አድርጋችሁ አዙሩትና ግራጫ ሆኖ የሚወጣውን ድፉት። ግራጫ መሆኑ እስኪቀር ድገሙት። ከዚያ ሳህኑንና ድንጋዩን ሞቅ አድርጉ፣ የተቆላውን ፍሬ በእፍኝ በእፍኝ ጨምሩ። አንዴ ከዘረገፋችሁት ይነክሳል፣ ቺንጋው (ሞተሩ ወፍጮውን የሚያዞርበት ቀበቶ) ይንሸራተታል፣ ሞተሩም ይቃጠላል። ብሎኑን መጀመሪያ ላላ አድርጉት፣ ፈሳሽ ሲሆን ቀስ እያላችሁ አጥብቁ።

ልመቱን በግምት አትተዉት። ርካሽ ማይክሮሜትር (ቀጭን ነገር መለኪያ) ይበቃል። አንዲት ጠብታ ቸኮሌት በዘይት አቅጥናችሁ መሃሉ አድርጉና አንብቡት። 20 አካባቢ ሲደርስ አቁሙ። ከልክ በላይ የላመ ቸኮሌት አፍ ውስጥ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል፣ ለማቅጠን ደግሞ ተጨማሪ የካካዎ ቅቤ ይጠይቃል።

ባለኳስ የሚገዛ የለም እያልኩ አይደለም። ዳቦ ላይ የሚቀባ ክሬም ወይም የኬክ መሸፈኛ በብዛት፣ ሁሌ አንድ ዓይነት ለሚያመርት ሰው ጥሩ ማሽን ነው። ካካዎውን ፈሳሽ ሆኖ የሚገዛ ከሆነማ ይበልጥ ያዋጣዋል። ከፍሬው ጀምሮ ለሚሠራና የፍሬውን ጣዕም ለሚፈልግ ግን አልመክርም።

የድንጋዩን ስትገዙ አብራችሁ ሁለት ቺንጋ፣ አንድ ሙሉ የቦኮላ ስብስብና ትርፍ ማጥበቂያ ብሎን ያዙ። የዋጋ ድርድሩን እዚያው ጨርሱ፤ ሻጩ መለዋወጫውን ማቅረብ ካልቻለ ማሽኑንም አትግዙ። ያገለገለ ከሆነ ሻጩ ፊት በዘይት አስነሱትና አንድ ሰዓት አቆዩት። ሞተሩን በእጃችሁ ዳስሱ፣ ጎማዎቹ ሲዞሩ ወደ ጎን እንዳይዋልሉ አጎንብሳችሁ እዩ፣ የታችኛውንም ድንጋይ በማስመሪያ ለኩ። መሃሉ ከጎደጎደ የቦኮላውን ብቻ ሳይሆን የድንጋዩንም ዋጋ ቀንሳችሁ ነው መነጋገር ያለባችሁ።